ቡናውን በጥርሳቸው የሚለኩት እናት

የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ በእርሻ ይመረቃል። ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን፣ "እህቴ፣ ከመውጫ ፈተናው በኋላስ?" አለኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል እዚህ ልጻፈው።

እኔም የተመረቅኩት እዚሁ ጅማ፣ በእርሻ ነው። የታጠበ ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ካልወረደ መጋዘን ውስጥ እንደሚሻግት በቃሌ አውቅ ነበር። ለልምምድ የተላክሁበት መሥሪያ ቤት ግን ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳኝ ከረመ። አንድ ፍሬ ቡና ሳልነካ ሪፖርቴ ላይ ማኅተም ተመታበት። ተመርቄ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስዞር ማስታወቂያው ሁሉ "2 ዓመት ልምድ" ይላል። ያን ጊዜ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

በመጨረሻ ጎማ ወረዳ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለአንድ ወቅት ቀጠረኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆዩ አንዲት እናት አሉ። ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና አንዷን ፍሬ አንስተው ነከስ ያደርጉና "ሁለት ቀን ይቀረዋል" ይላሉ። በመለኪያ ስናየው ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ቀትር ላይ ካልተሸፈነ ቅርፊቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ አስረዳቸው ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር የገባኝ ያኔ፣ እጄ ቡናው ውስጥ ሲገባ ነው።

የሚቆጨኝ መላው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ሲመሠረት ይዞት የተነሳው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ነው። ሲቢቲፒ ለሚባለው ማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠና የወጡ ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ የሰፈሩን ችግር ይለያሉ፣ አቅማቸው የፈቀደውን ሠርተው ይመለሳሉ። የጤናዎቹማ ቲቲፒ በሚባለው የቡድን ሥልጠና ከየዲፓርትመንቱ ተደባልቀው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ሐኪሙና ፋርማሲስቱ አብሮ መሥራትን የሚለምዱት እዚያ ነው። ልምምድ ሁሉ እንዲህ በቅርብ ክትትል ቢሆን ስንቱ ተመራቂ "ምን መሥራት ትችላለህ?" ሲባል አይደነግጥም ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የመውጫ ፈተና አልቃወምም። 50 በመቶ ማምጣት ተገቢ ነው። ግን የምርጫ ጥያቄ እጅን አይፈትንም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ሥራው ራሱ ጥቂት ነው፤ ባለሙያ ሆኖም ቤት የተቀመጠ አውቃለሁ።

ከልጁ ጋር ተቀጣጥረናል። ጥቅምት ላይ ለቀማ ሲጀመር ጣቢያው ድረስ ይዤው እሄዳለሁ። ከሁሉ በፊት ማየት የፈለገው እኚያን እናት ነው።