ደመና አይጠላም፣ አይወድም

በ77ቱ ድርቅ ዝናቡ የቀረው ወሎን ጠልቶ አልነበረም። ደመና አይጠላም፣ አይወድም። ዛሬ እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ቀብር ሄጄ ይሄንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ። የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ለቀስተኛውንም ሙሽራውንም እኩል ያሞቃል።

ቅሬው፣ የወሎ እድር፣ ግን ለቀስተኛውን ለይቶ ያውቃል። ሟች ሙስሊም ናቸው፤ መቃብር ሲቆፍሩ ካደሩት ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ማን እንደሆንኩ የማያውቁ አንዲት እናት ገና የሚተን ንፍሮ በሰፌድ ይዘው መጡና «እንካ ልጄ፣ እህል ሳትቀምስ ዋልክ፤ አብሽር» አሉኝ። ስንዴው ፈንድቷል፣ ባቄላው ግን ገና ጠንከር ይላል። እጃቸው በእሳት ጠቋቁሯል።

ሰማዩ ግድ ከሌለው የእኛ መተሳሰብም ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። (ለቅሶ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ አማኝ ነው፤ ክርክሬ ከእነሱ ጋር አይደለም።) እኔ አልቀበለውም። በዚያ ረሃብ ቁራሽ እንጀራ የተካፈሉ ሰዎች ደመናው እስኪያዝንላቸው አልጠበቁም። ሰማዩ ዝም ባለበት ሰዓት የጎረቤት እጅ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ነገም እሄዳለሁ። ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል።