ጎንደር ውስጥ የማሲንቆ ብር ጠዋት የት ይውላል?

ስለ ጎንደር ሙዚቃና ገንዘብ ሲወራ ቶሎ የሚነሱት አዲስ አበባ ገብተው አልበም ያወጡ ድምፃውያን ናቸው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ግን እዚሁ ፒያሳና አካባቢው ማታ ማታ ማሲንቆ የሚመታው ሰው ያገኘው ብር ሲነጋ ማን ጋ እንደሚደርስ ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማርኩትም ያደግሁትም እዚሁ ነውና ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ።

አዝማሪን «ገቢህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም። ግብር አለ፣ የቤቱ ባለቤት ጆሮ አለ፣ ከባልደረባ ጋር የሚካፈሉት ሽልማት አለ፤ የአንዱ ማታ ገቢም ከሌላው ማታ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ወጪውን ጠየቅሁ። ትናንት ከዚህ ሲወጡ ለማን ከፈሉ? ዛሬ ጠዋትስ? ይህን ለመመለስ ያቅማማ ሰው አላገኘሁም። አንድ በዕድሜ የገፉ ማሲንቆ መቺ «ይኼንንማ ልንገርህ እንጂ ልጄ፣ ብሩ እኔ ዘንድ መች አደረና!» ብለው ይዘረዝሩልኝ ጀመር፦ ለባጃጅ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለዕቁብ፣ ለልጆች ደብተር፣ አገር ቤት ላሉት እናታቸው።

ካየኋቸው ቤቶች በብዙዎቹ አዝማሪው የሚኖረው በሽልማት ነው፤ ባለቤቱ የሚያተርፈው ከቢራው፣ ከጠጁና ከጥብሱ ነው። ሁለቱ ግን አይነጣጠሉም። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ያንኑ አሳምሮ ሲመልስለትና የወዳጆቹን ስም እየጠራ ሲያወድስ፣ ያ ጠረጴዛ አይነሣም። ያልተነሣ ጠረጴዛ ደግሞ ይጨምራል፣ ያዛል፣ ይጋብዛል። የአዝማሪው ምላስና ትውስታ ለቤቱ ካፒታል ነው፤ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ሰፍሮ አላየሁትም። ይህ ይቆጨኛል።

ከአዝማሪ ቤት ስወጣ ክሩ ብዙ ቦታ ወሰደኝ። ማሲንቆ እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ይፈልጋል፤ ጭራው ከገጠር ይመጣል፣ ሲበጠስም ይቀየራል። የእስክስታ ተወዛዋዦች ልብስ ሸማኔና ልብስ ሰፊ ያበላል። ሌሊት የሚሠራው ባጃጅ፣ በር ላይ ማስቲካና ሲጋራ የምታዞረው ልጅ፣ ጠዋት ቤቱን የምታጸዳው ሴት፣ ሁሉም በዚያው ማሲንቆ ያድራሉ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የቀን መቁጠሪያው ነው። የገና ጾም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲፈታ ሠርግ ይጀምራል፤ ጥር 11 ጥምቀት ይከተላል፤ በፋሲለደስ መዋኛ የሚታደመው እንግዳ ከተማዋን ይሞላል። (ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የነገሥታቱ ግቢ ደግሞ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ይገኛል።) ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ሠርግ የለም፣ አዝማሪ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ጾሙ ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት የሠርጉ ወራት አጭር ነው፣ አንዳንድ ዓመት ረጅም፤ የአዝማሪው የዓመት ኑሮም አብሮ ይረዝማል፣ ያጥራል። በጥር ብቻ የጠየቀ ሰው ሙዚቀኛው ሀብታም ነው ይላል፤ በጾም ብቻ የጠየቀ የተራበ ነው ይላል። እኔ በሁለቱም ወቅት እዚያው ሰዎች ጋ ሄድኩ። የአዝማሪ አገር ከምትባለው ቡርቧክስ የመጡ አንዳንዶቹ በጾም ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ ከተማ የሚቀሩት በዕቁብና በብድር ይሻገራሉ። ጥር ላይ ዕቁብ የሚደርሰው ሰውና መጋቢት ላይ የሚደርሰው ሰው ብሩ እኩል ቢሆንም ጥቅሙ እኩል አይደለም።

የሌሊት ሥራ ወደ ቀን አይዛወርም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባ በነበረባቸው ወራት፣ ሱቅ ቀን ሸጦ ማካካስ ሲችል አዝማሪው ምንም አልነበረውም።

ሌላው በስልክ የሚቀረጸው ነው። እንግዳው ቀርጾ ይለቅቀዋል፣ ተመልካች ያገኝበታል፤ ስንኙን እዚያው የፈጠረው ሰው አይታወቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለከዋኝ፣ ማለትም ሥራውን ተጫውቶ ለሚያቀርበው ሰው፣ መብት ይሰጣል፤ ክዋኔው ያለፈቃዱ እንዳይቀረጽ ይጠብቀዋል። ይህን ካነጋገርኳቸው አዝማሪዎች ለብዙዎቹ መጀመሪያ የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። በየቤቱ በር ላይ «ከመቅረጽዎ በፊት አዝማሪውን ያስፈቅዱ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ሐሳቡን የተቀበሉኝ ባለቤቶች አሉ።

አሁን የቀረኝ የሠርጉ ኦርጋንና የድምፅ ማጉያ ኪራይ ነው። ብዙ ሠርግ ማሲንቆን ትቶ ወደዚያ እየሄደ ነው፤ ብሩም መንገዱን ቀይሯል። ኦርጋን ተጫዋቾቹንም በዚያው መንገድ፣ ለማን እንደከፈሉ እየጠየቅሁ ጀምሬአለሁ።