ኢሲጂና ኢኤምጂ ስትቀዱ፦ በኋላ የማይታረሙት ሴቲንጎች

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ሲግናል) ሆነ ኢኤምጂ (የጡንቻ ኤሌክትሪክ ሲግናል) ልንቀዳ ስንነሳ ሶፍትዌሩ የሚደረድርልን ምርጫ ብዙ ነው። ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። የግራፉ ቀለም፣ ስኬሉ፣ የኋላ ማለስለሻው በፈለግነው ሰዓት ይቀየራል። ሳምፕሊንግ ሬት (ሲግናሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ)፣ ጌይን (ስንት እጥፍ እንደሚጎላ) እና አምፕሊፋየሩ (ማጉያው) ላይ ያለው ፊልተር ግን ዳታውን አንዴ ካበላሹት መመለሻ የለውም። ስለዚህ መጀመር ያለብን ከእነዚህ ሦስቱ ነው።

ሳምፕሊንግ ሬት ሲግናሉ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከእጥፍ በላይ መሆን እንዳለበት ይታወቃል። በተግባር ግን አራት አምስት እጥፍ ይሻላል። ከቆዳ ላይ የሚወሰድ ኢኤምጂ አብዛኛው ጉልበቱ ከ20 እስከ 500 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 2000 ሳምፕል አድርጉት። ለተለመደ ኢሲጂ 500 ይበቃል፤ በምትና በምት መካከል ያለውን ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት የምታጠኑ ከሆነ ግን 1000 ይሁን፤ በ250 ብትቀዱ በሁለት ሳምፕሎች መካከል 4 ሚሊሰከንድ አለ፣ የምትፈልጉት ልዩነት እዚያ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። ትንፋሽና የቆዳ ኮንዳክታንስ (ቆዳ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ) በ50 በደንብ ይቀዳሉ።

ሬቱ ሲያንስ የሚመጣው ጣጣ ዝርዝር መጥፋት ብቻ አይደለም። በሰከንድ 500 እየቀዳችሁ 470 ኸርዝ ኖይዝ ከገባ ፋይሉ ላይ 30 ኸርዝ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ከእውነተኛው ሲግናል የሚለየው ዲጂታል ፊልተር የለም። መከላከል የሚቻለው ወደ ዲጂታል ከመቀየሩ በፊት በአናሎግ ሎው ፓስ (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሚያስቀር ፊልተር) ነው። አንዳንድ መሣሪያ ሬቱን ስትቀይሩ ሎው ፓሱን አብሮ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ሬት አትቀንሱ።

ወደ ጌይን እንምጣ። 16 ቢት ያለው፣ ከ-10 እስከ +10 ቮልት የሚያነብ መሣሪያ ያንን ስፋት ለ65,536 ደረጃ ይከፍለዋል፤ አንዱ ደረጃ 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ኢሲጂ ቁመቱ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ስለሆነ ያለ ጌይን ሦስት ደረጃ ብቻ ይወጣል፤ ይህ ሞገድ ሳይሆን ደረጃ መሰላል ነው። ጌይኑን 1000 ስታደርጉት ከ3,000 በላይ ደረጃ ታገኛላችሁ። ነገር ግን አሁን መግቢያው ከ10 ሚሊቮልት በላይ አይችልም፤ ኤሌክትሮዱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ቋሚ ቮልቴጅ ደግሞ እስከ 300 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ሃይ ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያስቀር) ከዋናው ማጉያ በፊት የሚቀመጠው ይህን ለመጣል ነው። ለኢኤምጂ ከመጀመራችሁ በፊት ሰውየውን ጡንቻውን ባለው አቅም እንዲያጠብቅ ጠይቁትና ጫፉ ከስፋቱ ሁለት ሦስተኛ እንዳያልፍ ጌይኑን አስተካክሉ። የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ የተቆረጠው ክፍል የለም።

ሃይ ፓሱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 0.5 ኸርዝ የልብ ምት ለመቁጠር ጥሩ ነው፤ የኢሲጂውን የኤስቲ ክፍል (ከሹሉ ሞገድ ቀጥሎ ያለውን) ግን ያዛባል፣ ለዚያ 0.05 ያስፈልጋል። የቆዳ ኮንዳክታንስ ላይ ጭራሽ አታድርጉ፤ መሠረታዊውን ደረጃ ያጠፋዋል።

ኖች ፊልተርን (የመብራት መስመሩን 50 ኸርዝ ለይቶ የሚቆርጠውን) መሣሪያው ላይ ማብራት አልመክርም። 50 ኸርዝ ኢኤምጂ በጣም ጠንካራ በሆነበት ክልል ውስጥ ነው፤ ኢሲጂ ላይ ደግሞ ከኪውአርኤሱ (ከሹሉ ሞገድ) ቀጥሎ የሌለ ንዝረት ሊጨምር ይችላል። ይልቅ 30 ሰከንድ በእረፍት ቅዱና አቅርባችሁ እዩት። በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም እኩል ሞገድ ካለ የመብራት መስመር ነው፤ መብራቱ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር ርቀቱ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ቆዳውን በአልኮል ጠርጋችሁ ኢምፒዳንሱን (ኤሌክትሮዱና ቆዳው የሚገናኙበትን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከ10 ኪሎኦም በታች አውርዱ፤ ለኢኢጂ (ለአንጎል ሲግናል) ከ5 በታች። የግራውንዱን ኤሌክትሮድ ፈትሹ፤ ገመዶቹን አንድ ላይ አስራችሁ ከቻርጀር አርቁ። አብዛኛውን ጊዜ ኖች ሳያስፈልግ ይጠፋል።

ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሬት መቀነስም አያዋጣም፦ 8 ቻናል በ2000፣ በ16 ቢት፣ በሰዓት 115 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው።