ካኖፒው አልከፈት ሲል፦ አብራሪ ከሚግ-21 ያወጣሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ተዋጊ ጄት ሥር ለሚውሉ ቴክኒሺያኖችና እነሱን ለሚያዙ መኮንኖች ነው። በሙያው በቆየሁባቸው ዓመታት ሞተር እሳት ሲይዝ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ፍሬን አልይዝ ሲል ምን ማድረግ እንዳለብን በቃላችን እስክንይዘው ድረስ ተምረናል። ተልእኮውን ጨርሶ በሰላም ያረፈና ሞተሩን ያጠፋ አብራሪ ካኖፒው፣ ማለትም ከላዩ የሚዘጋው የመስታወት ክዳን፣ አልከፈት ብሎት እዚያው መሬት ላይ ሲታሰር ግን ማን ምን እንደሚሠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስታወቱ ይሰበር ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ የነገረን አልነበረም። በዚህ ክፍተት የተነሳ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ዓይናችን እያየ ሊሞትብን ነበር። የምድቡን ስም አልጠራም፤ በቆላ የሚገኝ፣ እኩለ ቀን ላይ የአውሮፕላን ቆዳ በባዶ እጅ የማይነካበት ቦታ መሆኑን መናገር ይበቃል።

ሚግ-21 በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን ሲገባ ብዙዎቻችን በአሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 ላይ ያደግን ነበርን። የኤፍ-5 ካኖፒ ከኋላው ተይዞ ወደ ላይ ሲነሳ፣ በኋለኞቹ የሚግ-21 ዓይነቶች ላይ ግን ወደ ቀኝ ጎን ይገለበጣል። በፍሬሙ ዙሪያ የጎማ ቱቦ ይዞራል፤ አብራሪው ካኖፒውን ዘግቶ ከቆለፈ በኋላ ይህ ቱቦ በተጨመቀ አየር ተነፍቶ ክፍተቱን ይደፍናል፣ በከፍታ ላይም የኮክፒቱ (አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል) አየር እንዳያመልጥ ያደርጋል። ስለዚህ ለመክፈት መጀመሪያ መውጣት ያለበት የቱቦው አየር ነው። አየሩ ካልወጣ ቱቦው ፍሬሙን እየገፋ መንጠቆዎቹን በመቆለፊያቸው ውስጥ ያጨናንቃቸዋል፤ እጀታው በሰው ጉልበት አይዞርም፣ በግድ ሊያዞሩት ቢሞክሩም የሚሰበረው እጀታው ነው።

የዚያን ቀን መቶ አለቃው አርፎ ካኖፒው አልከፈት ሲለው የተለመደውን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጨረስን፤ ታኮ አገባን፣ መሰላል አቆምን፣ የጦር መሣሪያውን ማገጃዎች አስገባን፣ የእሳት አደጋ መኪናውን አስጠጋን። አብራሪው ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆነን እጀታውን ሞከርነው፤ ትንሽ ዞሮ ቆመ። የአየር መልቀቂያው ቫልቭ እንደተያዘ ወዲያውኑ ገባኝ። በቀጭን ካቻቪቴ የፍሬሙን ጠርዝ ተከትዬ ቱቦውን ለመብሳት ሞከርኩ፤ ቱቦው ግን ከፍሬሙ ከንፈር ወደ ውስጥ ገባ ያለ በመሆኑ ብረቱ ከዚያ አልደርስ አለ።

እዚህ ላይ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አብራሪው የተቀመጠበት፣ በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላኑ የሚወረውረው አስፈንጣሪ ወንበር ፈንጂ ነው። በተለመደው አሠራር ካኖፒው እንደተከፈተ ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ የሚያደርገው የወንበሩን ማገጃ ፒኖች ማስገባት ሲሆን፣ ካኖፒው ካልተከፈተ ግን ፒኑ እኛ እጅ፣ ወንበሩ እሱ ሥር ሆኖ ይቀራል። የሚግ-21 ኬኤም-1 ወንበር አብራሪውን አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ በሕይወት ለማውጣት አውሮፕላኑ ቢያንስ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር መሮጥ አለበት። ቆሞ ባለ አውሮፕላን ላይ እጀታው በድንገት ቢሳብ የሚሆነውን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። መሳቢያዎቹ ያሉት ደግሞ በአብራሪው ጭኖች መካከል ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል “እጅህን ፍሬሙ ላይ አድርግ፤ አትነቃነቅ፤ ኦክስጅን ክፈት” ብዬ ጽፌ በመስታወቱ ላይ ለጠፍኩለት። ባትሪው ጠፍቶ ስለነበር ሬዲዮ አልነበረም። መስታወቱን በጣቴ ባንኳኳሁ ቁጥር የራስ ቁሩን በግራ እጁ እንዲነካ ተስማማን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለ ሰውየው ሁኔታ የነበረኝ ብቸኛ መረጃ ይህ ምልክት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፏል። የተዘጋ ኮክፒት ፀሐይ ላይ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ብርሃኑ በመስታወቱ ይገባል፣ ሙቀቱ ግን አይወጣም፣ ሰውየው ደግሞ የበረራ ልብሱን፣ የጂ ሱቱን (በፈጣን ጥምዝ ጊዜ እግርና ሆድ የሚጨምቀውን ልብስ)፣ የራስ ቁሩንና ጭንብሉን እንደለበሰ በቀበቶ ታስሯል። ሞተሩ ከጠፋ ማቀዝቀዣም የለም። መጀመሪያ የፈለግሁት ጥላ ነበር። የካኖፒ ሸራ ከንብረት ክፍል እንዲመጣ አንድ ወታደር ላክሁ፤ ተመልሶ የነገረኝ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 20 ተሞልቶና በኃላፊ ተፈርሞ ካልመጣ ሸራ እንደማያወጣ ነው። በሕይወትና በሞት መካከል ላለ ሰው ጥላ ለመጠየቅ ቅጽ ይሞላ ማለታቸው እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ብርድ ልብስ በውሃ ነክረው ካኖፒው ላይ ዘረጉልን፤ ፊቱን እንዳይሸፍንብኝ አንዱን ጎን ክፍት አስተውኩ። ያ እርጥብ ብርድ ልብስ ጊዜ ሰጥቶናል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

መስታወቱን ልስበር የሚለውን ጥያቄ ለተረኛው ሻለቃ ያቀረብኩት ከዚህ በፊት ነበር። “ጓድ ሻለቃ፣ ልጁ እየደከመ ነው፤ መጥረቢያው እጄ ላይ ነው፣ ይፍቀዱልኝ” አልኳቸው። “መለዋወጫ ካኖፒ የለንም፤ ከበላይ ሳይፈቀድ ማንም እንዳይነካው” አሉና ወደ ስልክ ሄዱ። ስልኩ ወደ አንድ ቢሮ፣ ከዚያ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ አንድ መሐንዲስ ተላለፈ። ማናቸውም አውሮፕላኑን አላዩትም፤ የሰውየውን ፊት ያየ ከመሰላሉ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መስታወቱ ውድ መሆኑን አልክድም፤ በዚያ ዘመን አንድ አውሮፕላን በመለዋወጫ እጦት ለወራት ሃንጋር ውስጥ ሊቆም ይችል ነበር። ይሁን እንጂ አብራሪ የሚያህል መለዋወጫ የሌለው ነገር በዚያ ምድብ ውስጥ አልነበረም፤ አንድን ተዋጊ አብራሪ ለማድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ ሻለቃው ያውቁ ነበር።

በመጨረሻ ከስልኩ የመጣው መልስ ከዝምታው የባሰ ነበር። አብራሪው የካኖፒውን የድንገተኛ መጣያ እጀታ ስቦ ካኖፒውን በፈንጂ ያስወርውር ተባለ። ለአየር ላይ አደጋ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ በአየር ላይ ነፋሱ የተላቀቀውን ካኖፒ ጠርጎ ይወስደዋል። ቆሞ ባለ አውሮፕላን ላይ ግን ነፋስ የለም፤ መንጠቆዎቹም እኩል እንደሚለቁ ማረጋገጫ አልነበረንም። አንዱ ጎን ለቆ ሌላው ቢይዝ፣ ከባዱ ፍሬም ተነስቶ በአብራሪው ራስ ላይ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ላይ ከካኖፒው መጣያና ከወንበሩ እጀታዎች መካከል ትክክለኛውን መርጠህ ሳብ እየተባለ የሚታዘዘው በሙቀት አእምሮው እየደከመ ያለ ሰው ነው፤ ቢሳሳት ወንበሩን ያስፈነጥራል። ትእዛዙን በወረቀት ጽፌ እንዳሳየው ሻለቃው ሲነግሩኝ አልጽፍም አልኩ። በውትድርና ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ያንኑ እመልሳለሁ።

መስታወቱን አንኳኳሁ፤ እጁ ተነስቶ ወደ ራስ ቁሩ ሳይሆን ወደ ደረቱ ሄደ፣ እዚያም ቀረ። እንደገና ሳንኳኳ እጁ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም።

የሚግ-21 ካኖፒ መስታወት ብንለውም አክሪሊክ የሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ዓይነቱ መስታወት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ መጥረቢያም ይመልሳል። ሲቀዘቅዝ ግን ይሰባበራል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ጋዙን ሲተፋ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚደርስ በረዶ ያወጣል። በግራ በኩል፣ ከአብራሪው ትከሻ በስተኋላ፣ ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ መስታወቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ጋዙን አስረጨሁ። የመረጥኩት ጥጉን ነው፤ መሃሉ ስለሚለመጥ የምቱን ኃይል ይበላዋል፣ ከአብራሪው ፊትም ቅርብ ነው። ኦክስጅኑን አስቀድሞ መክፈቱ ያዳነው እዚህ ላይ ነው፤ መስታወቱ ሲሰበር ከባዱ ጋዝ ወደ ኮክፒቱ ይወርዳልና። በመጥረቢያው ሹል ጫፍ መታሁት፤ ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎም ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። በቀዳዳው መጀመሪያ የገባው የወንበሩ ፒን ነው። ከበስተኋላዬ “ጎትተው! ጎትተው!” የሚል ጩኸት ነበር፤ ፒኑ ሳይገባ አብራሪውን መጎተት ግን እሱንም እኔንም መግደል ነው። ፒኑ እንደገባ ቱቦውን ከውስጥ በኩል በቢላዋ ቆረጥኩት፣ አየሩ ወጣ፣ እጀታውም ያለ ምንም ትግል ዞረ። የተሰበረው መስታወት ከፍሬሙ ጋር እንዳለ ተገለበጠ፣ መቶ አለቃውንም በትከሻው ይዘን አወረድነው። ቆዳው ደርቆ ነበር፤ ላብ አልነበረበትም። የሐኪም ቤቱ ረዳት ውሃ ሊያጠጣው ሲል ከለከልኩት፤ ራሱን በማያውቅ ሰው ጉሮሮ ውሃ አይፈስም። አንገቱን፣ ብብቱንና ጭኑን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝነው። ተርፎ ወደ በረራ ተመልሷል፤ ይህ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት ነው።

በማኅደሬ የገባው ደብዳቤ ግን ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ማበላሸት የሚል ነበር። ቫልቩ ሲፈታ በደቃቅ አሸዋና በደረቀ ቅባት ተይዞ ተገኘ፤ ስለ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 20 ጥያቄ ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አሁን በምኖርበት በቨርጂኒያ፣ በላንግሊ የአየር ኃይል ምድብ እ.ኤ.አ. አፕሪል 10 ቀን 2006 የሆነውን አነበብኩ። የአሜሪካው ተዋጊ ጄት የኤፍ-22 ካኖፒ ተቆልፎ አልከፈት በማለቱ አብራሪው ለአምስት ሰዓት ያህል ከውስጥ ቆየ፤ አምራቹን ጨምሮ ባለሙያዎች ከተጠየቁ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ካኖፒውን በመጋዝ ቆርጠው አወጡት። የካኖፒው ዋጋ ብቻ ከ180 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። አብራሪው ደህና በመሆኑ ጊዜ ወስደው መጠየቃቸውን አልነቅፍም። የቨርጂኒያ የጸደይ አየር የሚፈቅደውን ያህል ትዕግሥት ግን የቆላ እኩለ ቀን አይፈቅድም፤ የእነሱን ሂደት ቃል በቃል የሚቀዳ የበረሃ ምድብ ሬሳ ያወጣል። የኤፍ-22 ካኖፒ ፖሊካርቦኔት የሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ መሆኑንም ልብ በሉ። ፖሊካርቦኔት በብርድም በመጥረቢያም አይሰበርም፣ መጋዝ ይፈልጋል፤ አክሪሊክን ደግሞ ፈጣን መጋዝ ያቀልጠዋል፣ የቀለጠውም ከስለቱ ጋር ይጣበቃል። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ካኖፒ ላይ ደግሞ መስታወቱን ለመስበር የተዘረጋ ፈንጂ ገመድ አለ፤ እዚያ ላይ መጋዝም መጥረቢያም ማሳረፍ አይገባም። የምትሠሩበት አውሮፕላን ካኖፒ ከምን እንደተሠራ አደጋው ከመድረሱ በፊት እወቁ።

ምድብ ለሚያዙ ሰዎች የምለው ይህ ነው። መመሪያው ምንም ቢል፣ መስታወቱን የመስበር ሥልጣን በመሰላሉ ላይ ላለው ሰው ይሰጥ፣ በጽሑፍም ይሁን። ካኖፒው አልከፈት እንዳለ በዚያው ቅጽበት የመስበሪያው ሰዓት ይወሰን፤ ለአብራሪውም ተጽፎ ይታየው፣ የሚወጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው እጁን ወደማይገባ እጀታ አይሰድምና። ሰዓቱ ሳይደርስ ምልክት መመለስ ካቆመ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው። ሸራ፣ የተቀዳ ውሃ፣ ጋዝ ማጥፊያ፣ ሹል መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ ወፍራም እርሳስና ወረቀት በአንድ ሣጥን ይግቡ፤ ሣጥኑ ከንብረት ክፍል ወጥቶ አውሮፕላኑ ከሚቆምበት ቦታ ይቀመጥ፣ ቁልፍም አይኑረው። ልምምዱ ከአገልግሎት በወጣ አውሮፕላን ላይ፣ እውነተኛ አብራሪ በቀበቶ ታስሮበት፣ ተረኛው መኮንንም በቦታው ቆሞ ይደረግ፤ ወንበሩ ፈንጂው የወጣለት መሆኑን ግን ልምምዱን የሚመራው ቴክኒሺያን በራሱ እጅ ያረጋግጥ።