ጡቴ ሲያብጥ «አታጥቢ» ያሉኝ ነገር

ቀናችሁ ለደረሰ እህቶቼ ነው የምጽፈው። ስለ ሌሊት ማጥባት የሚነገረን «ሲያለቅስ አጥቢው» ብቻ ነው። ጡት ሲያብጥ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሌላው ቀላል ነበር። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ በክረምት መብራት ስለሚጠፋ ባትሪና አጥሚት በፔርሙስ ራስጌዬ አስቀምጥ ነበር።

አንድ ሌሊት ልጄ ሳትነቃ አደረች። አማቴ «እሰይ፣ አንቺም አረፍሽ» ብለው ደስ አላቸው። ጠዋት ግራ ጡቴ ድንጋይ ሆኗል፤ ከብብቴ በታች ቀልቷል፣ ይፋጃል። ማታ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ እንኳ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሸተቱኝ። እሳቸውን አልወቅስም፤ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የማልረሳው የሐኪሙን ነው። ከጅማው ጂሬን ኮረብታ ቁልቁል በዝናብና በጭቃ በባጃጅ ወርጄ ስደርስ ጡቴን ሳይነካ ከሩቅ አየውና «በዚህ በኩል እንዳታጠቢ፤ ልጅቷን ያሳምማታል። የዱቄት ወተት ግዢ» አለኝ። «ወተቱ ሲጠራቀም አይብስም ወይ?» ብል፣ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» አለና መድኃኒት ጽፎ ቀጣዩን ጠራ። ለተማረ ሰው ይህ መልስ ነው? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌሊቱን ያን ጡት ነፈግኳት። እሷ ስታለቅስ ወተቱ ይወርዳል፤ መውጫ ስለሌለው ቀሚሴ ሲነካኝ እንኳ እጮህ ነበር። ሲነጋ ጎረቤታችን አዋላጅ ነርስ መጣች። «የታመመው ወተቱ ታምቆ፣ እንዴት አታጥቢ ይባላል? ወተቱ ልጅቷን አይጎዳትም» አለችኝ። በጡቴ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል እስኪለሰልስ ጥቂት ወተት በጣቶቼ አለብኩ፤ አፏ በሰፊው እስኪከፈት ጠብቀን፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም አጎረስናት። መጀመሪያ ስትስበው አስለቀሰኝ፤ ከዚያ ጡቱ እየላላ ሲሄድ ተሰማኝ። ከጠባች በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝኩበት። መድኃኒቱን አይታ እያጠቡ የሚወሰድ መሆኑን ስለነገረችኝ ጨረስኩት።

በቅቤ አጥብቆ ማሸትን ከለከለችኝ፤ እብጠቱን ያብሰዋል። እናንተም እምቢ በሉ።

«ሌሊት ቁጭ ብላችሁ አጥቡ» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበለውም። የደከመች አራስ ሶፋ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ከጣላት ለልጁ የባሰ አደጋ ነው። ልጁ ጊዜውን ጠብቆ ጤነኛ ሆኖ ከተወለደ፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ጋቢና ትራስ ከፊቱ አርቃችሁ፣ በጎናችሁ ተኝታችሁ አጥቡ። አልጋው ላይ የጠጣ ወይም የሚያጨስ ሰው ግን አይተኛ። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን የሚበዛው ሌሊት ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሌሊቱን መዝለል ወተቱን ይቀንሰዋል።

ትኩሳቱ በመድኃኒት በሁለት ቀን ካልበረደ ወይም እብጠቱ አንድ ቦታ ከቋጠረ መግል ሊሆን ስለሚችል፣ አልትራሳውንድ ያለበት ሄዳችሁ ታዩ። እዚያም «አታጥቢ» ካሏችሁ ምክንያቱን ሳይነግሯችሁ እንዳትነሱ።