የስእለት ምስክርነት፦ በገዛ ዱካ መውጣት

«ሙሉ አካሌን ይዤ ከወጣሁ እመሰክራለሁ» ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ፣ እኔንም አውጥቶኛል። የራሴን ታሪክ ልተወውና ጸሎቱ በምን መንገድ እንደሚመለስ ልናገር።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ፣ በጾረናና በዛላምበሳ ምሽግ የያዘ ያውቀዋል፤ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ያለው መሬት ፈንጂ ወረዳ ነው። ፒኤምኤን የምትባለው ፀረ ሰው ፈንጂ ክዳኗ ጥቁር ጎማ ነው፤ ከ550 ግራም ክብደቷ 240 ግራሙ ቲኤንቲ ነው። ፊልም ላይ «ከረገጥክ እግርህን አታንሳ» ይላሉ። ለዚች አይሠራም፤ ገና ስትረገጥ ነው የምትፈነዳው።

አንዱ ሲረግጥ ቀጥሎ የሚወድቀው ሊያነሳው የሚሮጠው ጓደኛው ነው። ጩኸቱ አንጀት ይበላል፣ እግር ሳይታዘዝ ይነሳል። «ገብርኤል ሆይ፣ አቁመኝ» የሚባለው ያኔ ነው። እግር ከቆመ ጸሎቱ ግማሽ ተመልሷል።

ቆመህ መጀመሪያ ዓይንህን ብቻ አንቀሳቅስ። ሽቦ አለ? ፖምዝ የምትባለው በሽቦ የምትፈነዳ ፈንጂ በእንጨት ችካል ላይ ነው የምትቆመው፤ ቀጭን ሽቦዋ ሣር ውስጥ አይታይም፤ አትጎትት፣ አትቁረጥ። አቧራው ላይ ዱካህ ከታየ፣ ጫማህን እዚያው ዱካ ላይ እያሳረፍክ ተመለስ። ሣር ወይም ዝናብ ዱካውን ካጠፋው ተንበርከክና ሳንጃህን 30 ዲግሪ ያህል አጋድመህ በየ3 ሳንቲሜትሩ በቀስታ ሰካ። ቀጥ አድርገህ ከወጋህ ክዳኗን ትጫናለህ፤ ካጋደምከው ጎኗን ነው የሚነካው። ጠጣር ነገር ከነካ አትቆፍር፤ ምልክት አድርገህ ዙር። (ይህ ለወታደር ነው። እረኛ ከሆነ ቆሞ ይጣራ እንጂ መሬት አይጎርጉር።)

ቁስለኛው ጋ የምትደርሰው እንዲህ እየጎረጎርክ ነው፤ አሥር እርምጃ ዘላለም ይሆናል። ስለዚህ ከሩቅ ቀበቶ ወርውርለትና ከቁስሉ በላይ ራሱ አጥብቆ እንዲያስር ጩህበት። ቀበቶ ብቻውን ይላላል፤ ዱላ አስገብቶ ማጠምዘዝ ያስፈልጋል።

ክረምት የባሰ ነው። ጎርፍ ፈንጂዋን ከተቀበረችበት አንስቶ ትናንት የተሄደበት መንገድ ላይ ያስቀምጣታል።

ጃንጥላውን ለታኅሣሥ 19 አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ነበር የዘገየው።