«ስተዲድ»ን በጎረቤቶቹ ያጠናሁበት መንገድ

ስተዲ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ማጥናት ማለት ነው፣ ያለፈ ጊዜው ስተዲድ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። የትርጉም ሥራ ላይ ግን ይኸው ስተዲድ ቅጽል ሆኖ ከስም ፊት ይመጣል። ሚኒስትሩ ጥያቄውን «በስተዲድ ኢንዲፈረንስ» አለፉት፤ አምባሳደሯ ለክሱ የሰጡት ምላሽ «ስተዲድ ሳይለንስ» ነበር። ኢንዲፈረንስ ግዴለሽነት ነው፣ ሳይለንስ ዝምታ። «የተጠና ዝምታ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ አንባቢው ግን ስለ ዝምታ ጥናት የተካሄደ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲያጋጥመኝ በግምት ማለፍ ስለማልወድ ቁጭ ብዬ ሠራሁበት። እንግሊዝኛን ለሥራው የሚጠቀም ሰው በሌሎች ቃላት ላይም ሊሞክረው ስለሚችል መንገዱን እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ማስቀመጥ ነው። ጠልቼው አይደለም። ለቃል አቻ ቃል የሚሰጥ መጽሐፍ ቃሉ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ለመናገር ቦታ የለውም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚያሳየው ይህን ጉድለት ለመሙላት ይመስለኛል፤ ዛሬም ከጠረጴዛዬ አይጠፋም። ለስተዲድ ግን ለውጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈውን ዓይነት መረጥኩ። ከዚህ ዓይነቱ መዝገበ ቃላት ፈር ቀዳጆች አንዱ ጃፓን ውስጥ ያስተምር የነበረው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ነው፤ ሥራው ቶኪዮ ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የተማሪን ችግር በዓይኑ ያየ መምህር ያሰናዳው መጽሐፍ ምን ጊዜም ይለያል።

እዚያ ያገኘሁት ፍቺ በእኔ አባባል ሁለት ክፍል አለው፦ ታስቦበት የተደረገ፣ ደግሞም በራሱ የመጣ ያልሆነ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይይዝና ሁለተኛውን ይጥለዋል። የቃሉ ነፍስ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው።

ይህን ያረጋገጥኩት ከጎኑ የሚቀመጡትን ስሞች በመሰብሰብ ነው። በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማርክ ዴቪስ ያደራጁት፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቃላት ያሉት የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት በኢንተርኔት ይገኛል። አንድ ቃል አስገብቶ ቀጥሎት የሚመጣውን ስም መጠየቅ ይቻላል። ከዚያም፣ በየቀኑ ከማነባቸው ጋዜጦችም እየለቀምኩ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፦ ኢንዲፈረንስ፣ ካም፣ ፖላይትነስ፣ ኒውትራሊቲ፣ ሳይለንስ፣ ካዥዋልነስ። ግዴለሽነት፣ መረጋጋት፣ ትሕትና፣ ገለልተኝነት፣ ዝምታ፣ ቅለል ማለት። እነዚህ ሁሉ ከሰው በራሳቸው እንዲመጡ የምንጠብቃቸው ናቸው። የተረጋጋ ሰው ስለተረጋጋ ነው የተረጋጋው። መረጋጋቱን ሠርቶ፣ ልኩን ለክቶ ያቀረበው ሲሆን ነው እንግሊዝኛው ስተዲድ የሚለው።

ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ጥምረት ትይዩ አቻ ቃል ሳይሆን አንድ ሁኔታ እጽፋለሁ። ከስተዲድ ኢንዲፈረንስ ትይዩ የጻፍኩት ይህን ነው፦ የተፋታች ሴት ሰርግ ቤት ትገባለች፣ የቀድሞ ባሏ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም እየዞረች ትስማለች። እሱ ወዳለበት ስትደርስ የሕፃን ጫማ ማሰሪያ ልታጠብቅ ጎንበስ ትላለች፣ ቀና ስትል ፊቷ ወደ ሌላ ወገን ዞሯል። አላየችውም ማለት አይቻልም፤ የት እንደተቀመጠ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሁኔታው እንዲህ ከተጻፈ በኋላ አማርኛው ራሱ መጣ፦ አውቃ እንዳላየች ሆነች።

«አውቆ» የሚለውን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ እስካሁንም ከዚህ ሥራ በጣም የምደሰተው በሱ ነው። እንግሊዝኛው ከጥናት ተነስቶ ሆን ብሎ ወደማድረግ ይሻገራል። የእኛው ደግሞ ከማወቅ ተነስቶ እዚያው ይደርሳል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንላለን። ያ ሰው በትክክል እንቅልፉ ስተዲድ የሆነበት ሰው ነው። አውቆ አበድም አለን፤ እብደቱን መርጦና አስመስሎ የያዘ። ስለዚህ ስተዲድ ሳይለንስን «አውቆ ዝም ማለት»፣ ስተዲድ ኢንዲፈረንስን «አውቆ ችላ ማለት» ብዬ ስጽፍ አንባቢው ሁለተኛ አያነበውም።

«የተጠና» የሚለውስ? እሱን በጥንቃቄ ነው የምይዘው። በዜናችን «በተጠና መልኩ የተፈጸመ ጥቃት» ወይም «የተጠና እርምጃ» ይባላል፤ ታቅዶ፣ ተቀናጅቶ ማለት ነው። የእኛ «የተጠና» ከድርጊት ጋር ይሄዳል። የእንግሊዝኛው ስተዲድ የሚሄደው ከአኳኋን፣ ከፊት ገጽታ፣ ከአነጋገር ድምፅ ጋር ነው። ጥቃት በእንግሊዝኛ ስተዲድ አይባልም፤ ደሊበሬት፣ ሆን ተብሎ የተደረገ፣ ነው የሚባለው። ውሸትም እንዲሁ። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ሥር ይዘው ወደተለያየ አቅጣጫ ሄደዋል፤ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው።

የቃሉን የትውልድ ሐረግ ማየትም ጠቅሞኛል፣ ምንም እንኳ ለፈተና የማይጠየቅ ቢሆን። ምንጩ የላቲኑ ስቱዲየም ነው፤ ትጋት፣ አንድን ነገር አጥብቆ መሻት። ስቱደንት በመነሻው ትጉ ሰው ነው እንጂ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥15ን «ስተዲ» ብሎ ይጀምረዋል። ብዙ የዛሬ አንባቢ መጽሐፍ እንዲያጠና የታዘዘ ይመስለዋል። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጡት ግን እዚያው ቦታ ላይ «ትጋ» ይላል፤ የጥንቱ የስተዲ ትርጉም ይኸው ነው። የእኛም ማጥናት ቢሆን ከ«ጠና» የመጣ ነው፣ ከመጠንከር። ለቅሶ ቤት ገብተን እግዚአብሔር ያጥናችሁ ስንል የምንጠቀምበት ግስ ተማሪው መጽሐፉን ከሚያጠናበት አይለይም። ጉልበት የፈሰሰበት መሆኑ ከቃሉ ሥር ስላለ፣ ስተዲድ ካም ሲባል ያ መረጋጋት ድካም የጠየቀ መሆኑ አይገርመኝም።

ዘመዶቹንም አብሬ ያዝኳቸው፣ ለየብቻ ከተያዙ ይምታታሉና። ስቱዲየስ ለትምህርት ትጉ የሆነ ሰው ነው፣ ምስጋና ነው። ለርንድ ያለፈ ጊዜ ግስ ሲሆን አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ሊቅ ለማለት ቅጽል ሲሆን ግን ለርኒድ ተብሎ በሁለት ይነበባል። ኮንሲደርድ ኦፒንየን በሚገባ የተመዘነ አስተያየት ነው። ካልኩሌትድ ጥቅም የተሰላበት ነው። ደሊበሬት ቅጽል ሲሆን መጨረሻው አጠር ብሎ፣ ግስ ሲሆን «ሬይት» ተብሎ ይነገራል፤ ግሱ መምከር፣ ማመዛዘን ነው። ሕግ ላይ ደግሞ ከነዚህ አንዱንም በልማድ ማስገባት አይቻልም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን «አስቦ» የተፈጸመን ጥፋት በ«ቸልተኝነት» ከተፈጸመው ይለያል፤ የፍርድ ቤት ሰነድ ስተረጉም የሕጉን ቃል እንጂ የእኔን ምርጫ አልጽፍም።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መጠቀም ሌላ። ስለዚህ በስተዲድ የራሴን ዓረፍተ ነገሮች እየሠራሁ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዋ ለሆነ አንዲት አርታኢ የሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። የነገረችኝ በየትኛውም ፍቺ ላይ ጎልቶ አልተጻፈም፦ ቃሉ ቀለል ያለ ወቀሳ ይዟል። የአንድን ሰው ትሕትና ስተዲድ ካልነው ልቡ ውስጥ የለም እያልን ነው። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ፣ አለቃን ሲያመሰግኑ፣ ሽማግሌን ሲያከብሩ አይገባም፤ እዚያ ቶትፉል፣ ማለትም አሳቢ፣ ይሻላል። እኔ ለሚጠይቁኝ ጀማሪ ተርጓሚዎች ሁሉ ይህን አስቀድሜ እነግራለሁ፤ የቃል ፍቺ የያዘ ሰው ስሜቱን ካልያዘ ሰው ያስቀይማልና።

ክለሳ ላይ ብዙ አልልም። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከወር በኋላ ገጹን እገልጣለሁ። የምሸፍነው ጥምረቱን ነው፣ ሁኔታውን አንብቤ ቃሉን ራሴ አወጣዋለሁ። ቃሉን አይቶ ፍቺ ማስታወስ ቀላል ነው፤ ለሥራ የሚጠቅመው ግን ከሁኔታው ተነስቶ ቃሉ ላይ መድረስ ነው።

እስካሁን አልጨበጥ ያለኝ አንድ ጥምረት ስተዲድ ካዥዋልነስ ነው። ጣሊያናዊው ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ እ.ኤ.አ. በ1528 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቤተ መንግሥት ሰው ሲጽፍ ለዚህ ስፕሬዛቱራ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ጥበብን ደብቆ የሚደረገው ሁሉ ያለ ድካም የተደረገ እንዲመስል ማድረግ። እኛም ነገሩ አለን። መስታወት ፊት ብዙ ተደክሞበት፣ ትከሻ ላይ እንዲያው ጣል የተደረገ የሚመስል ነጠላ ያላየ የለም። ቃሉ ግን የለኝም። «ተጨንቀውበት ያልተጨነቁ መምሰል» ብዬ ነው የምጽፈው፤ ረዝሟል፣ አርእስት ላይ ደግሞ አይገባም። አጠር ያለ ያለው ሰው ቢነግረኝ ደብተሬ ላይ ቦታው ክፍት ነው።